ፖለቲከኛው አሠሪ የሆነ ቀን

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላልና ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ሰሞኑን ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ ከአሜሪካ መልእክት ላከልኝ። እዚያ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ሆኗል። «መምህር፣ ምርጫ ሲደርስ ፖለቲከኞቹ ጋራዣችን ድረስ ይመጣሉ። የማኅበራችንን ኮፍያ አድርገው ፎቶ ይነሳሉ፣ ከሠራተኛው ጎን ነን ይላሉ። የምራቸውን ነው ወይስ ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ነው?» ይለኛል። የታሪክ አስተማሪ አጭር መልስ አያውቅም። ስለዚህ አስፈቅጄው፣ ስሙን ሳልጠራ፣ መልሱን ለሁላችሁም እጽፈዋለሁ።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልናገር። ፖለቲከኛ ለሠራተኛ ማኅበር ያለው ድጋፍ ሠራተኛው ከሌላ ሰው ጋር ሲጣላ በሚናገረው አይለካም። የሚለካው እሱ ራሱ አሠሪ ሲሆን በሚያደርገው ነው። ትራንስፖርት ደግሞ ይሄ ፈተና ቶሎ የሚመጣበት ሥራ ነው፤ ዛሬ የግል ኩባንያ የነበረው አውቶቡስና ባቡር ነገ የከተማው ንብረት ይሆናላ! ይህን በደንብ ያሳየች ከተማ ኒው ዮርክ ናት። (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው። ወደ አገራችን ስመለስ እነግራችኋለሁ።)

የኒው ዮርክ የከርሰ ምድር ባቡር ሥራ የጀመረው በ1904 ነው። ለብዙ ዓመታት ያንቀሳቅሱት የነበሩት የግል ኩባንያዎች ናቸው። ታሪፉ 5 ሳንቲም ነበር። ይህቺ 5 ሳንቲም እስከ 1948 ድረስ፣ 44 ዓመት ሙሉ፣ አልተነካችም። በመሀል ሁለት የዓለም ጦርነት አልፏል፣ የዳቦ ዋጋ ወጥቷል ወርዷል፣ እሷ ግን እዚያው ናት። ለምን? ተሳፋሪው በሚሊዮን የሚቆጠር መራጭ ስለሆነ ነው። ሠራተኛው ግን በአሥር ሺዎች ነው የሚቆጠረው። ታሪፍ የጨመረ ከንቲባ ወንበሩን ያጣል፤ ታሪፍ ካልተጨመረ ደግሞ የሠራተኛው ደሞዝ ከየት ይመጣል? ይህን ሒሳብ ያዙልኝ፣ እስከ መጨረሻው አይለየንም።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ የባቡሩ ሠራተኛ በቀን አሥርና አሥራ ሁለት ሰዓት ይሠራል፣ ብዙው በሳምንት ሰባቱንም ቀን ነው። «ማኅበር የላችሁም» እንዳይባል አንዱ ትልቅ ኩባንያ ራሱ ማኅበር አቋቁሞላቸዋል። ሠራተኛው ሲቀጠር ከዚህ ውጭ ሌላ ማኅበር አልገባም ብሎ ይፈርማል። አሠሪው ያቋቋመው የሠራተኛ ማኅበር ማለት እንግዲህ ምን እንደሆነ ለእናንተ አላብራራም።

በ1934 ግን ሠራተኞቹ በድብቅ የራሳቸውን አቋቋሙ፤ የትራንስፖርት ሠራተኞች ማኅበር ብለውም ሰየሙት። አብዛኞቹ ከአየርላንድ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። ስሙንም የወሰዱት ከአገራቸው ነው፤ ደብሊን ውስጥ ጄምስ ኮኖሊ ይመራው ከነበረው የትራንስፖርት ሠራተኞች ማኅበር። ኮኖሊ በ1916 በእንግሊዞች የተረሸነው ሰውዬ ነው። የኒው ዮርኩን ማኅበር በማደራጀት ኮሚኒስቶችም ትልቅ እጅ ነበራቸው። ብዙም ሳይቆይ መሪው የሆነው ማይክ ክዊል በ1905 አየርላንድ ገጠር ውስጥ ተወልዶ፣ በ1926 ኒው ዮርክ ገብቶ፣ ባቡር ጣቢያ ላይ በቲኬት ሠራተኛነት ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ምላሱ ስለታም፣ ቀልደኛ፣ ተሳዳቢ፣ ጋዜጠኛ የሚወደው ዓይነት።

በ1935 ከኒው ዮርክ በተመረጠው ሴናተር ሮበርት ዋግነር ስም የሚጠራው ሕግ ወጣ። የግል ኩባንያ ሠራተኛ የመደራጀትና የመደራደር መብቱ በፌዴራል ሕግ ተረጋገጠ። በ1937 መጀመሪያ ብሩክሊን ውስጥ ለባቡሩ መብራት የሚያመነጨው ጣቢያ የማኅበር አባል ናችሁ ብሎ ሠራተኞች ሲያባርር፣ የቀሩት ከውስጥ ቆልፈው ቁጭ አሉ። መብራቱ ቢጠፋ ባቡሩ ይቆማል። ኩባንያው የተባረሩትን መለሰ። በዚያው ዓመት በተካሄደው የሠራተኞች ምርጫ ማኅበሩ በሰፊ ድምፅ አሸነፈ፣ ክዊልም የከተማው ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ። ከሦስት ዓመት በፊት በድብቅ ይሰበሰቡ የነበሩ ሰዎች ናቸው እንግዲህ!

አሁን ወደ ዋናው ሰውዬ እንምጣ። ፊዮሬሎ ላጋርዲያ። ኒው ዮርክ የሄዳችሁ በስሙ የሚጠራውን አውሮፕላን ማረፊያ ታውቁታላችሁ። ላጋርዲያ ከንቲባ ከመሆኑ በፊት ኮንግረስ ውስጥ ነበር፤ በ1932 ከሴናተር ኖሪስ ጋር ያወጣው ሕግ እስከ ዛሬ በሁለቱ ስም ይጠራል። ያ ሕግ ቅድም ያልኳችሁን «ማኅበር አልገባም» የሚል ፊርማ በፍርድ ቤት ዋጋ እንዳይኖረው አደረገ። አድማ በተነሳ ቁጥር ፌዴራል ዳኞች እግድ እየሰጡ እንዳይሰብሩትም እጃቸውን አሰረ። በአሜሪካ የሠራተኛ ታሪክ ውስጥ ከባድ ቦታ ያለው ሕግ ነው። ከ1934 ጀምሮ ከንቲባ ሲሆንም የድሃው ሰው ከንቲባ ይባል ነበር። የሠራተኛ ወዳጅ ነኝ የሚል ሁሉ መስታወት ፊት ቢቆም ላጋርዲያን ለመምሰል ይመኛል።

ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? በ1940 ከተማው ሁለቱን ትልልቅ የባቡር ኩባንያዎች ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ገዛቸው። ይህ ራሱ ተራማጆች ለዓመታት ሲጠይቁት የነበረ ነገር ነው፤ ሀብቱ የሕዝብ ይሁን የሚል። ግን የ1935ቱ ሕግ አንድ ቀዳዳ ነበረው። መንግሥት አሠሪ ሲሆን አይመለከተውም። ስለዚህ የባቡሩ ሠራተኞች የኩባንያ ተቀጣሪ ሆነው ያገኙትን የፌዴራል መብት ባቡሩ የከተማው በሆነበት ቀን አጡት። ያው ባቡር፣ ያው ሐዲድ፣ ያው ዩኒፎርም፤ የተለወጠው ደሞዝ ከፋዩ ብቻ ነው።

ላጋርዲያም ተለወጠ። የነበረው ውል ሲያልቅ እንደ ግል አሠሪ ከማኅበሩ ጋር አዲስ የኅብረት ስምምነት አልፈራረምም አለ። እነዚህ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው፣ በሲቪል ሰርቪስ ደንብ ይተዳደራሉ፣ በመንግሥት ላይ አድማ የለም አለ። በሠራተኛ ወዳጅነት ስሙ የተጻፈ ሰው!

ለሰውየው ፍትሐዊ እንሁን፣ ክፍል ውስጥም ሁልጊዜ የምላችሁ ይህንኑ ነው። ክርክሩ ባዶ አልነበረም። የግል ኩባንያ ላይ አድማ ሲመታ የሚከስረው ባለአክሲዮኑ ነው፤ የከተማ ባቡር ሲቆም ግን የሚጎዳው ሆስፒታል የሚሄደው፣ ሥራው የሚቀርበት ሌላው ድሃ ነው ይል ነበር። በጀቱን የሚወስነው የተመረጠ አካል ነው፣ ማኅበር በአድማ ሊያስገድደው አይገባም የሚልም አለ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ራሱ፣ የ1935ቱን ሕግ የፈረመው ሰው፣ በ1937 በጻፈው ደብዳቤ በግል ድርጅት የለመድነው የኅብረት ድርድር እንዳለ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሊዛወር አይችልም ብሏል። ስለዚህ ላጋርዲያን ከሃዲ ብሎ መዝለል ይቀላል እንጂ አያስተምርም። ጥያቄው ሌላ ነው። ሠራተኛው ወንበሩ ላይ የሚተኛ ሰነፍ ካልሆነ፣ ጥያቄው እውነተኛ ከሆነ፣ መደራደሪያ ሳይኖረው ማን ይሰማዋል? «እኔ ደግ አሠሪ ነኝና ማኅበር አያስፈልጋችሁም» የሚለውን ነገር እኮ የግል ኩባንያዎቹም ሲሉት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ማኅበሩንም መልአክ እንዳናደርገው። በ1941 በግል ኩባንያዎች ሥር የነበሩት የማንሃተን አውቶቡሶች ሹፌሮች 12 ቀን አድማ መቱና ጥያቄያቸው ወደ ግልግል ሄደ። ግን በሃርለም በኩል የሚያልፉት እነዚያ አውቶቡሶች አንድም ጥቁር ሹፌር አልነበራቸውም። አድማው እንዳበቃ የሃርለም ሕዝብ በተራው አንሳፈርም አለ። ከመሪዎቹ አንዱ ቄስ አዳም ክሌይተን ፓወል ነበር፤ የሚያገለግልበት ቤተ ክርስቲያን በአገራችን የቀድሞ ስም የሚጠራው አቢሲኒያን ባፕቲስት ቸርች ነው። ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ኩባንያዎቹ፣ ማኅበሩና ሃርለም ተፈራረሙ፤ 100 ጥቁር ሹፌሮችና 70 የጥገና ሠራተኞች እንዲቀጠሩ ተስማሙ። ማኅበሩ ለራሱ የጠየቀውን መብት ለሌላውም እንዲፈቅድ ሕዝቡ አስገደደው ማለት ነው።

ፊላደልፊያ ላይ ደግሞ የባሰ ነበር። በ1944 ስምንት ጥቁር ሠራተኞች ለትራም ነጂነት ሥልጠና ገቡ ተብሎ ነጭ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። የክዊል ማኅበር አድማውን ተቃወመ፣ ሩዝቬልት 5,000 ወታደር ልኮ ትራሙን አስነሳ። አድማ ሁሉ ቅዱስ አይደለም፣ ወታደር የላከ መንግሥት ሁሉም ጨካኝ አይደለም። ታሪክ ቀጥ ያለ መንገድ ቢሆን ኖሮ እኔም ፈተና ለማውጣት አልቸገርም ነበር።

ወደ መስመራችን እንመለስ። መምህራን ሆይ፣ ይህቺ የእናንተ ናት። በ1947 በኒው ዮርክ ግዛት፣ በፋሎ ከተማ፣ ከ2,000 በላይ መምህራን ደሞዝ አነሰን ብለው ለአንድ ሳምንት ሥራ አቆሙ። የግዛቱ ምክር ቤት ደነገጠና አንድ ሕግ አወጣ። አድማ የመታ የመንግሥት ሠራተኛ ወዲያውኑ ከሥራው እንደለቀቀ ይቆጠራል፤ ተመልሶ ቢቀጠር ለሦስት ዓመት የደሞዝ ጭማሪ አያገኝም። መምህራን ያስቆጡት ሕግ የባቡር ሠራተኛውም አንገት ላይ ወደቀ። ሁላችንም የአንድ አሠሪ ተቀጣሪ ስንሆን ዱላውም አንድ ነው።

ሕጉ ግን ከመጠን በላይ ከባድ ስለነበር ሥራ ላይ ለማዋል አልተመቸም። 30 ሺህ ሰው በአንድ ቀን አባርረህ ባቡሩን ማን ይነዳዋል? ስለዚህ ከተማው ሌላ ዘዴ ለመደ። ከ1954 ጀምሮ 12 ዓመት ከንቲባ የነበረው የሴናተር ዋግነር ልጅ ነው፣ ስሙም እንደ አባቱ ሮበርት ዋግነር። በ1958 ለከተማው ሠራተኞች የመደራደር መብት የሚሰጥ የከንቲባ ትእዛዝ አወጣ። ከክዊል ጋር ደግሞ ይግባቡ ነበር። ውሉ በሚያልቅበት ዓመት ክዊል ባቡሩን አቆመዋለሁ ብሎ ይዝታል፣ ጋዜጣው ይንጫጫል፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ሌሊት ላይ ሁለቱ ይስማማሉ። ሠራተኛው ትንሽ ያገኛል፣ ታሪፉ እንዳለ ይቆያል፣ ሁሉም ሰላም።

ይሄ ጥሩ ይመስላል፤ ድክመቱ ግን ድጋፉ በሁለት ሰዎች ትውውቅ ላይ መቆሙ ነው። ዋግነር ሄደ፣ ጆን ሊንድሲ መጣ። ሊንድሲ ወጣት፣ መልከ መልካም፣ በኮንግረስ ለጥቁሮች መብት የተሟገተ፣ በጊዜው መለኪያ ተራማጅ የሚባል ሰው ነው። ግን ከማኅበር መሪዎች ጋር ጓዳ ገብቶ መስማማትን እንደ ብልሹ አሠራር ያየዋል። ሥልጣን በያዘበት ቀን፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1966 ንጋት ላይ፣ ባቡሩም አውቶቡሱም ቆመ። ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኛ ወጣ። ፍርድ ቤት እግድ ሰጠ፤ ክዊል ወረቀቱን ካሜራ ፊት ቀደደው። ታሰረ፤ እስር ቤት በገባ በሰዓታት ውስጥ ልቡ ደክሞ ሆስፒታል ተወሰደ። ከተማው 12 ቀን በእግሩ ሄደ። በመጨረሻ የሰዓት ክፍያው ደረጃ በደረጃ እንዲያድግ ስምምነት ተደረሰ። ክዊል ግን ጃንዋሪ 28 ቀን በ60 ዓመቱ ሞተ። በዚያው ዓመት ታሪፉ ከ15 ወደ 20 ሳንቲም ወጣ። ያቺ ሒሳብ አልለቀቀችንም ብያችሁ አልነበር?

ያ የ1947 ሕግስ? በሕጉ መሠረት ጭማሪው ሕገ ወጥ ነበር። የግዛቱ ምክር ቤት ልዩ ሕግ አውጥቶ ለባቡር ሠራተኞቹ ብቻ ምሕረት አደረገ። አገረ ገዢው ኔልሰን ሮክፌለርም በፕሮፌሰር ጆርጅ ቴይለር የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ከዚያ የወጣው የ1967ቱ የቴይለር ሕግ እስከ ዛሬ ይሠራል። በአንድ እጁ ሰጠ፣ በሌላው ነሳ። የመንግሥት ሠራተኛ የመደራጀትና የመደራደር መብቱ በሕግ ታወቀ፤ አድማ ግን ክልክል ሆነ። አድማ የመታ ሠራተኛ ላልሠራበት ለእያንዳንዱ ቀን የሁለት ቀን ደሞዝ ያጣል። በ2005 ዲሴምበር፣ አዲስ የሚቀጠሩት ለጡረታ የበለጠ ያዋጡ በመባሉ ሠራተኞቹ ለሦስት ቀን ያህል ሥራ ሲያቆሙ፣ ማኅበሩ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ መዋጮው ከደሞዝ ላይ በቀጥታ መቆረጡ ለጊዜው ቀረ፤ መሪውም ታሰረ። ያኔ የተከራከሩት ገና ላልተቀጠረ፣ ለማያውቁት ሰው ጡረታ ነው።

እስካሁን ያነበበ ሰው «ስለዚህ የፖለቲከኛ ድጋፍ ሁሉ ውሸት ነው» ሊል ይችላል። አይደለም። የተማሪዬን ጥያቄ በትክክል የሚመልሰው ቀጥሎ ያለው ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካውያን የራሳቸውን መኪና እየገዙ አውቶቡሱን ተዉት። የግል የአውቶቡስ ኩባንያዎች በየከተማው መክሰር ጀመሩ። ከተሞች ሊገዟቸው ፈለጉ፤ ገንዘብ ግን የለም። በ1964 ኮንግረስ ለከተማ ትራንስፖርት የፌዴራል ገንዘብ የሚሰጥ ሕግ ሲያዘጋጅ የሠራተኛ ማኅበራቱ የኒው ዮርክን 1940 አልረሱም። ከተማው ኩባንያውን በፌዴራል ገንዘብ ሲገዛ ሠራተኛው መብቱን ሊያጣ ነው አሉ፤ በተለይ የመንግሥት ሠራተኛ መደራደር በማይችልባቸው ግዛቶች። የኮንግረስ ወዳጆቻቸው ደግሞ ይህቺን ጊዜ በንግግር አላለፏትም። ሕጉ ውስጥ አንድ አንቀጽ አስገቡ፤ 13(ሐ) ልንለው እንችላለን። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በጁላይ 1964 ፈረመው።

አንቀጹ የሚለው በአጭሩ ይህ ነው። ከተማው የፌዴራሉን ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት የሠራተኛው ነባር መብትና የኅብረት ድርድሩ እንደሚቀጥል ስምምነት መኖር አለበት፤ የፌዴራሉ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትርም ይህን አይቶ ያረጋግጣል። ማረጋገጫ ከሌለ ገንዘብ የለም። አለቀ። ሰውየው ሠራተኛውን ይውደድ ይጥላ ማንም አይጠይቀውም። አዲስ አውቶቡስ ከፈለገ መብቱን ያከብራል።

ይህቺ አንዲት አንቀጽ ብዙ ሠራች። በግዛታቸው ሕግ መንግሥት ከማኅበር ጋር መደራደር የማይችልባቸው አንዳንድ ከተሞች አውቶቡሱን ገዝተው፣ የሚያስተዳድረው የግል ድርጅት ቀጠሩ፤ ሹፌሩ የዚያ ድርጅት ተቀጣሪ ሆኖ የመደራደር መብቱን ይዞ ቀጠለ። ጆርጂያ በ1982 የአትላንታን የትራንስፖርት ሠራተኞች የመደራደር መብት የሚያጠብ ሕግ ስታወጣ፣ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1985 ሚኒስትሩ እንዲህ ያለውን ማረጋገጥ አይችልም አለ። ካሊፎርኒያም የመንግሥት ሠራተኞችን ጡረታ የሚቀንስ ሕግ ካወጣች በኋላ የፌዴራሉ ገንዘብ ሊቆም ሲል፣ በ2013 የትራንስፖርት ሠራተኞችን ለጊዜው ከሕጉ ነፃ አድርጋለች። ካሊፎርኒያ እንግዲህ ማኅበር የሚወዱ ፖለቲከኞች የሞሉባት ግዛት ናት! ወዳጅም ቢሆን አሠሪ ሲሆን እጁ መቀነስ ይፈልጋል፤ ያስቆመው የ1964ቱ አንቀጽ ነው።

ፍጹም ነው አልልም። ማኅበሩ ከተማውን በዚህ አንቀጽ በፌዴራል ፍርድ ቤት ልክሰስ ሲል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 አይሆንም፣ ወደ ግዛትህ ፍርድ ቤት ሂድ ብሏል። የአድማ መብትንም አንቀጹ በራሱ አይሰጥም። ግን ከኮፍያና ከፎቶ ጋር አወዳድሩት።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ፤ ዓመቱም የእኛ ይሁን።

በዘመነ ንጉሡ፣ በ1956 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለፋብሪካውና ለድርጅቱ ሠራተኛ የመደራጀት መብት ሰጠ። የመንግሥት ሠራተኛው ግን ከአዋጁ ውጭ ነበር፤ አስተማሪውም እዚያ ውስጥ ነው። ያው ቀዳዳ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሁለት ቡድኖች በአንድ ቀን ሥራ አቆሙ፤ በነዳጅ መወደድ የተማረሩት የታክሲ ነጂዎችና የትምህርት ዘርፍ ጥናቱን የተቃወሙት መምህራን። ታክሲ ነጂውና አስተማሪው በአንድ ቀን! መንግሥት በቀናት ውስጥ የነዳጁን ዋጋ ዝቅ አደረገ፣ ጥናቱንም አቆየ። የካቲት ሳያልቅ የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ካቢኔ ወረደ። የካቲት 28 ደግሞ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ፤ ከጥያቄዎቹም መካከል የመንግሥት ሠራተኛውም ይደራጅ የሚል ነበረበት።

ልብ በሉ፣ ዋጋ መቀነስ ቀናት ብቻ ነው የፈጀው። መብቱ ግን ቃል ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ደርግ መጣ፣ በሠራተኛው ስም። እንደ እሱ ሠራተኛውን ያወደሰ መንግሥት አልነበረንም፤ ሰልፉ፣ መፈክሩ፣ ቀዩ ጨርቅ። ጥር 1967 ዓ.ም. ከ70 በላይ ትልልቅ ድርጅቶችን ወረሰ። ማለትም መንግሥት አሠሪ ሆነ። ዓመት ሳይሞላው፣ በ1968 ዓ.ም. ያንን የሠራተኞች አንድነት ማኅበር አፈረሰው፤ በ1969 በምትኩ ራሱ የሚቆጣጠረውን አቋቋመ። የኒው ዮርኩ ኩባንያ ያቋቋመውን ማኅበር አስታወሳችሁ? በላጋርዲያና በደርግ መካከል ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ነው፤ አንዱ ውል አልፈርምም አለ፣ ሌላው ሰው ገደለ። ላመሳስላቸው አልፈለግሁም። ግን ሁለቱም ላይ መንግሥት አሠሪ የሆነበትን ቀን ፈልጉት፤ ነገሩ የሚለወጠው እዚያ ነው።

ዛሬ ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 42 ላይ የሠራተኛን የመደራጀት መብት ይዘረዝራል። የመንግሥት ሠራተኞችንም በተመለከተ መብቱ የትኞቹን እንደሚጨምር በሕግ ይወሰናል ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛውን ዛሬም አይሸፍንም። ይህን የምለው ለክርክር አይደለም፣ አንቀጹን አውጥታችሁ አንብቡት። «በሕግ ይወሰናል» የሚለው ሐረግ ላይ ስትደርሱ ቆም በሉ።

እንግዲህ ለአንተ፣ ለጠየቅከኝ ልጄ። ኮፍያ ያደረገው ሰውዬ ጋራዣችሁ ሲመጣ አትስደበው፣ አታጨብጭብለትም። ሦስት ነገር ጠይቀው። ከዚህ በፊት የከተማ ወይም የግዛት ሥልጣን ይዞ ከነበረ፣ አሠሪ በነበረበት ጊዜ ከሠራተኞቹ ጋር ምን ፈረመ? ድጋፉ በየትኛው ሕግ፣ በየትኛው አንቀጽ፣ በየትኛው በጀት ላይ ይታሰራል? ተሳፋሪው ታሪፍ ተወደደ ብሎ ሲያኮርፍና ጋዜጣው በእናንተ ላይ ሲነሳ ምን ሊል ነው? የመጨረሻዋን ሲመልስ ዓይኑን እየው።

አንድ ደግሞ ከሃርለም ተማር። ተሳፋሪውን ጠላት አታድርገው። ስብሰባችሁ ላይ ስለ ደሞዝ ስታወሩ፣ ስለምታመላልሱት ሰውም አውሩ፤ ስለ ዘገየው አውቶቡስ፣ ማታ ስለሚሠራው ጽዳት ሠራተኛ፣ መስመር ስላልደረሰው ሰፈር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው በድሩ ውስጥ ተሳፋሪውም ሲኖርበት ነው። መዋጮህንም በሰዓቱ ክፈል፣ ስብሰባ አትቅር።

የሌሎቻችሁንም መስማት እፈልጋለሁ። በየካቲት 66 አዲስ አበባ ላይ ታክሲ ይነዱ የነበሩ ወይም ጠመኔ ያስቀመጡ አባቶችና እናቶች በየቤታችሁ አሉ። ያን ሰኞ ጠዋት ማን ቀድሞ እንደቆመ፣ ማን ለማን እንደነገረ ጠይቋቸውና እዚህ ጻፉልኝ። መጻሕፍቱ ካቢኔው እንዴት እንደወደቀ ነው በሰፊው የሚነግሩን፤ ሹፌሩና አስተማሪው ዋዜማው ምሽት ምን እንደተባባሉ ግን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ዕድሜያቸው ሳይቀድመን እንጻፈው።